ጥቁሩ ይጠጣል

ጢጥ ይላል መሣሪያው፣ ከጧት እስከ ማታ፣
በእጄ ላይ ያልፋል የባሮን ኮረብታ፤
ዳቦው፣ ሽንኩርቱ፣ የጣሳ ሰርዲኑ፣
የአራሷ ሳሙና፣ የሰካራም ወይኑ፤
ሁሉን ያነበዋል፣ አንድ ነው ቀይ ዓይኑ።

ከታች ቫልፓራይሶ፣ ጉሙን ተከናንቦ፣
መርከብ ያራግፋል፣ ሣጥን በሣጥን ደርቦ።
እኔ ያስና ነኝ፣ ሂሳብ ቁጥር አራት፣
ፈገግታዬም ሳይቀር ኮድ የተለጠፈበት።

ያሠለጠነኝ ሰው ኤርሚኒዮ ይባላል፤
«መስመሩን ተመልከቺ» አለኝ፣ «ጥቁሩ ይጠጣል፣
ነጩ ይመልሳል።
ከተመለሰው ነው ዋጋው የሚሰላ፤
ሌላ ምሥጢር የለም።»
ብሎኝ ምሳ በላ።

እኔ ግን አንድ አለኝ የማይነበብ መስመር፣
ግራ እጄ አንጓ ላይ፣ ከሰዓቴ ሥር፤
«ኤላዲዮ» የሚል። በሃያ ዓመቴ ነው የተነቀስኩት፣
ወደቡ ጥግ፣ ጠባብ ክፍል፣ እየሳቅሁ የከፈልኩት።

ሰዓቴን የረሳሁ ቀን አየችው አንዲት አሮጊት።
«ወንድምሽ ነው?»
«አዎ፣ ባሕር በላው» ብዬ ዋሸኋት።
ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቸኮሌት ትገዛልኛለች፣
እኔው ራሴ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ጢጥ እያደረግሁላት።

በየሁለት ወሩ፣ አንድ ሐሙስ፣ በአሮጌው አሳንሰር እወርዳለሁ፤
ዳገቱን እያቃሰተ ሲለቀኝ፣ ክሊኒክ ገብቼ ጥቁር መነጽር አጠልቃለሁ።
ማካሬና ናት ጨረሩን የያዘች።
«ትንሽ ይቆጠቁጣል» ትላለች። ሁሌ ትዋሻለች።
የጋለ ላስቲክ ነው፣ ተስቦ የተለቀቀ፤
አንድ ስም ስንቴ ይቃጠላል፣ ነገሩ ካለቀ?

«ቆዳውን ትቶ» አልኳት፣ «ፊደሉን እንዴት ያገኛል?»
«ጥቁር ስለሆነ» አለችኝ። «ጥቁሩ ይጠጣል።»
ሳቅሁ። ኤርሚኒዮ ምሳ ሲበላ ታየኝ።
«ግን ጨረር አያጠፋም» አለች፣ «ይሰባብራል እንጂ፣ ስሚኝ፤
ስብርባሪውን የገዛ ደምሽ ነው የሚለቅመው፣
ቀን በቀን፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ተሸክሞ የሚያወርደው።
አንቺ ሥራ ስትውዪ፣ ሌት ስትተኚ፣
እሱ ይለቅማል። ጊዜ ስጪው። ዝም ብለሽ ዳኚ።»

አባቴ ሁቬናል፣ ክሬን ነጂ ነበረ፤
የዓይኑ ሞራ ተገፎ ሳለ፣ ጉም ዳግም ሠፈረ።
ባለፈው ወር ወሰድኩት። አገጩን አስደገፈ፤
ብርሃን በብርሃን መጋረጃውን ቀዶለት አለፈ።
ቡና አዝዤ ሳይደርስልኝ ጨርሶ ወጣ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ባሕሩ በመስኮት ሞልቶ ሳለ፣
መርከቡን አላየም፣ ክሬኑን አላየም፤ ክንዴን ሳብ አደረገና
«ኤላ… ዮ» አለ።
«ዲው የት ገባ?»
አሥር ዓመት ስሸሽገው በጉሙ ተማምኜ፣
ለካ እጅጌዬን መሸፈን ትቼ ኖሯል፣ ተዘናግቼ።
«ክፉ ልጅ አልነበረም» አለ ቅቤውን እየቀባ፤
«ክሬኔን ግራሶ ይቀባልኝ ነበር፣ እሑድ እንኳ እየገባ።»
ምን ይመለሳል? ዳቦዬን ዋጥሁ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ሽማግሌው፣ ከመንገድ ነጋዴ፣
በሺህ ፔሶ ገዝቶ መጣ፣ ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ፣ የጣት የምታህል ጨረር፤
ግድግዳው ላይ ሲለቃት ካርቦን ይሮጣል፣ ነጥቧን ሊያባርር።
እንደ ስሙ ከሰል ነው ድመታችን። ዘሎ ይረግጣታል፣
መዳፉን ሲያነሣ የለችም፤ ይናደዳል፤ ደግሞ ይሮጣል።
ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው
እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይስቃል።

ነጥቧ ወንበሩን ዞረች፣ ጠረጴዛውን ወጣች፣
የእጁ መንቀጥቀጥ መርቷት ክንዴ ላይ ደረሰች፤
«ኤ» ላይ ቆመች።
ጢጥ ያለ ነገር የለም።
ካርቦን ግን አነበበ፣ ዘሎ ቧጠጠኝ፤
አባቴ መብራቱን ጣለ፣ «አሳመመሽ?» አለኝ።
ከፊደሉ ጎን አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ ቀይ፣ ትንሽ፣ ክብ።
«ተወው» አልኩት፣
«ደሜ ሥራ ላይ ነው።»