ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት

የአያቴ በቅሎዎች ከጅረን ሲነሱ
ጊቤን ተሻግረው ደርሰው እስኪመለሱ
ጨረቃዋ ሞልታ ትጎድል ነበር፤
በሸማው ትኩሳት የሸሸገ ቢኖር
ገላው ያጋልጠዋል ገና ከመንገዱ፣
ጉልበቱ ይከዳል፣ ይዝላል ክንዱ፤
ከዋርካ ሥር ወድቆ ጓዙ ይራገፋል፣
ወይ ድኖ ይነሳል፣ ወይ እዚያው ያርፋል።
ወሬው ነው የሚገባው ከሰውየው ቀድሞ፣
ከተማው ይጠብቃል ጆሮውን አቁሞ።
መንገዱ ራሱ ነበረ ሐኪሙ፣
መድኃኒቱ ርቀት፣ መርፌውም ድካሙ።

አሁን አንድ ከረሜላ አፍ ውስጥ እስኪሟሟ ነው፤
የጎረቤትን ሳል ተጋርቶ፣ ቀበቶ አስሮ፣
ደመናው ሲከፈት የኪቶ ቆርቆሮ፣
ከዚያ ጎማው አስፋልቱን ነክቶ፣ አንድ ሕፃን አልቅሶ።

እኔ በሩ ላይ ነኝ። ነጭ ጋዋን፣ ጓንት፣
ሽጉጥ የምትመስል የሙቀት መለኪያ።
ግንባር ላይ እደቅናለሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ።
ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት። ይለፉ።
ሠላሳ ሰባት ከምናምን። ፀሐዩ ይሆናል፤ ጥላው ሥር ትንሽ ይረፉ።

ያ ባለ ግራጫ ኮት፣ ከጅዳ ለእናቱ ለቅሶ የመጣ፣
ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት፤ በሰላም አልፎ ወጣ።
«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አልሁት።
እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ባጃጅ ጠራ።

በአራተኛው ቀን «ሲስተር ዘቢባ» አለኝ ስልኩ፣
ከማል አባ ዱራ፤ ትኩሳት፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሽፍታ።
ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስንት ሕፃን ጭኑ ላይ ተቀምጧል?
በሁለተኛው ሳምንት ከቦቼ ቦሬ ሦስት መጡ፣
አንዷ ስሟን የማትናገር፣ ጉሮሮዋ የተዘጋ።

መለኪያዋ አልዋሸችም፤ ሰውየውም አልደበቀም።
ከገዛ ትኩሳቱ ቀድሞ ነው የደረሰው።

ልረግመው ብዬ አውሮፕላኑን ቀና አልሁ።
በሆዱ የሕፃናቱን ደም ይዟል፣ በበረዶ ሣጥን፣
አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ከምሳ በፊት ይደርሳል።
ክትባቱንም ከነገ ወዲያ የሚያመጣው እሱ ነው፤
በበቅሎ ቢሆን ጊቤ በረሃ ላይ ይበላሽ ነበር።
እርግማኔን ዋጥሁት። ይመራል።

ዛሬ ማክሰኞ። ድምፁ ከደመናው ጀርባ መጣ፤
ባትሪዋን ቀየርሁ።
ቁጥሩ ብቻ አይበቃኝም አሁን፤ እጠይቃለሁ፦
ከየት ተነሱ? ከማን ጎን ተቀመጡ?
ወደ ሰርግ ነው ወይስ ወደ ለቅሶ? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?
ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዱ ሰዓቱን ያሳየኛል።
ልክ ነው፣ ይቸኩላሉ።
እኔ ግን በየሰዉ ሁለት ሁለት ደቂቃ
መንገዱን አረዝመዋለሁ።