ፍቅፋቂ

ቆቺ፣ መጋዝ ቤቱ፣ ከጣውላው ክምር ሥር፣
አርባ ሁለት ፎቶ፣ አርባ ሁለት ወንበር።
እያንዳንዱ ምስል አምስት ሜጋ ባይት፤
ገዢው አንዴ ነክቶ ሲጠብቅ ሊያድርበት!
ይቅለል ብዬ ተነሣሁ። ሦስት መጭመቂያ አገኘሁ፣
ሦስቱን በአንድ ስክሪን ጎን ለጎን ከፈትሁ።
ለሙከራ ያልሁት አንድ በርጩማ ነው፣
ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሳይጋጠም የወጣው።

የመጀመሪያው ፈጣን፤ ዓይኔን ሳልከድነው
አምስቱን ሜጋ ባይት ዘጠና ኪሎ ባይት አደረገው።
ግን የእንጨቱ ጅማት፣ ያ የዕድሜው ቀለበት፣
ሙልጭ ብሎ ታጥቦ ላስቲክ መሰለበት።

ሁለተኛው ጭምት፤ ጅማቱን አልነካም፣
እግሩን አላጣመመ፣ ጠርዙን አላደማም፤
ቀለሙን ነው የመጠጠው፣ አረገው አመድማ፤
ወባ የያዘው ሰው መሰለኝ በርጩማ።

ሦስተኛው... እሱስ ደግ ነበር።
ግማሹን አቅልሎ፣ ቀዩን ቀይ አድርጎ፣ ጅማቱን ሳይሰብር፣
ሃያ ፎቶ ድረስ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፦
«የዛሬው አበቃ፤ ለቀሪው በዶላር፣ ይህን ያህል ዋጋ።»
በዶላር! ለእኔ፣ ለባጃጅ ሳስቼ
ከአጂፕ እስከ ቆቺ ጭቃ ረግጬ መጥቼ።

መብራት ሄደ። መጋዙም እየቃተተ ቆመ።
አባ ራያ መጡ፣ ጢማቸው ፍቅፋቂ እንደተሸከመ።
«ምኑን ነው የምትቀንሺው?» አሉኝ። «ዓይን የማያየውን።»
ሳቁ። «እኛስ ሌላ ምን ሠራን፣ ይሄን ሁሉ ዘመን?
ከሆዱ ፋቂለት፤ ሆድ ብዙ ይችላል፤
ከእግሩ የፋቅሽ ለታ የተቀመጠ ይወድቃል።»

ባትሪው ሳያልቅ በፊት አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤
ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመ ዓይናቸው።
ከበርጩማው ኋላ፣ ከጠርዙ ላይ፣ የአንድ ልጅ ክንድ አለ፣
ብርጭቆ ወረቀት የያዘ፣ ፊቱ ግን ከፎቶው የጎደለ።
ሙዘይን ነው፣ ልጃቸው፣ አምና በሰቃ መንገድ የቀረው፤
ፈጣኑ መጭመቂያ ክንዱን ካሬ በካሬ የበተነው።
ጣታቸው ስክሪኑን ሳይነካ፣ አየር ላይ ቆየ።
«ይሄን ተዪው።»
ይኸው ነው ያሉት።

አርባ አንዱን በሦስት ቀን፣ ሃያ ሃያ እያልሁ፣
በሦስተኛው መጭመቂያ በነጻ አቀለልሁ።
ከደሴም ከአዋሳም ልትገዙ ስትገቡ፣
ሠላሳ አንደኛው ላይ ገጹ ቢንቀራፈፍ፣
ኔትወርኩን አትስደቡ።