አልከፈት ያለ ፋይል

ሦስት ቀን ሄርማታ ቢሮ ተቀምጬ የሣልኩት መሥመር፣
ሰማያዊው የነበረው፣ ቀዩ ገና የሚቀበር፣
ሰቃ ጨቆርሳ ደረሰ። ነዚፍ ደወለልኝ ማታ፦
«ፋይልሽ በሩን ዘጋብኝ፤ ደጁን ቆሜያለሁ ስመታ።»

ፕሮግራሙ የለው። ፈቃዱ ውድ፣ ኮምፒውተሩ አሮጌ፤
ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ ላኩት፣ ጨመቅመቅ አድርጌ።
ተከፈተ፤ ግን ፊደሌ መንገድ ላይ ረግፎ፣
በ«ገበያው» ፋንታ ባዶ ሳጥን ተሰልፎ።
«ቫልቩ የቱ ጋ ነው?»
«ከሳጥኑ ቀጥሎ።»
«ከየትኛው ሳጥን?»
ሳቅን። ካርዱም አለቀ ቶሎ።

በነጋታው በሥዕል ላኩት፤ ሲያጎላው ይደበዝዛል፤
እንደ ጅሬን ተራራ ጠዋት፣ ቁጥሩ ጉም ውስጥ ይገባል።

ሐሙስ ከእሱ ፎቶ መጣ፣ ማንም ስልክ የሚከፍተው፦
የሲሚንቶ ከረጢት ነው፣ ገልብጦ በከሰል የሞነጨረው፤
መሥመሩ ይንጋደዳል፣ ሚዛን የለው፣ ልክ የለው፤
ግን ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር የሚያልፈው
እኔ የማላውቀው ቧንቧ አለ፤ ጎኑ ላይ እንዲህ ይላል፦
«አባ ዱራ የቀበሩት፤ ዛሬም ውኃ ያሳልፋል።»

ፕሮግራሜን ከፈትኩ፣ እኔ ባለፈቃዷ።
ንብርብሩ ሁሉ በራ፤
የጎደለች አንዷ
ከረጢት ላይ ነበረች።