ጭብጥ

ቶርኖዬ ሽማግሌ ነው፤ ከፋብሪካ ጨረታ
የተገዛ፣ በአባቴ ጡረታ።
ሲነሳ ያስነጥሳል፣
ሲሞቅ ልቡ ይመለሳል።
አባይ ማዶ፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣
ቀን የባጃጅ ቡሽ፣ የወፍጮ ዘንግ አበጃለሁ፤
ማታ ማታ፣ በሬን መለስ አድርጌ፣ ብዕር እቀርጻለሁ።

አቶ ይርሳው መጡ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
አርባ ዓመት ከጃንጥላ ሥር
የሰው በደል ሲጽፉ የኖሩ።
"እጄ ከዳኝ" አሉ፤ "ይሄ ቀጭን እስክሪብቶ
ያመልጠኛል፣ እንደ አምባዛ ከጣቴ ተንሸራቶ።
ወፈር ያለ ሥሪልኝ፣ ቀለም የሚጠጣ።"
"መልኩስ?" ብላቸው፣ ከአፋቸው "ጣና" ወጣ።

ሰማያዊ ዘንግ አሳየኋቸው። ሳቁ።
"ይሄስ የሆቴል ግድግዳ ላይ ያለው ነው።
እኔ የማውቀው ጣና፣
ሐምሌ ሲገባ፣ ደለል ሲጠጣ፣
ወተት ጠብ ያለበት ሻይ ነው።"

ከዘጌ የመጣ ሰም አለስልሼ ሰጠኋቸው፤
"ጨብጡት፣ ልክ ሊጽፉ እንዳሰቡ።"
ጨበጡት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሰሙም አብሮ።
ሲለቁት አውራ ጣታቸው እዚያው ቀረ፣
ከነመንዘፍዘፉ ታትሞ።
"ይኸው፣ ጭብጥዎን ያዝኩ" አልኳቸው።
"እኔ ጭብጥ ሲይዝ የማውቀው ዳኛ ነው" አሉ።
"ጫፉስ፣ ወርቅ ይሁን ብረት?"
"ብረት።
ሰሙን አንቺ ጋ ትቻለሁ፤
ወርቅ ካለ፣ እኔው ልፈልግበት።"

አክሪሊኩ ሲላግ የጥፍር ቀለም ይሸታል፤
ፍቅፋቂው ተጥመልምሎ ጉልበቴ ላይ ይተኛል።
የመጀመሪያው ጥርስ ሳወጣለት ተሰነጠቀ፤
ቸኩዬ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።
ሁለተኛው ሰመረ፣
ሰመረ፣
ሁለት ዙር ሲቀረው
መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ ባንድ አፍ "ኤጭ!" አለ።
ብየዳው ዝም፣ ወፍጮው ዝም፤
ከወንዙ በኩል አንድ ጉማሬ ብቻ
ምንም እንዳልጎደለበት ባለርስት አጉረመረመ።
ለነገ ማሳደር ይቻል ነበር፤
ግን ቢላው ከመንገዱ ከወጣ ጥርሱ አይመለስም።
ቀበቶውን በእጄ ይዤ፣ ሞባይሌን በጥርሴ፣
ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፣
በነፍሴ።

በጥርስ ሳሙና ወልውዬ ጨረስኩት።
ክዳኑ ሦስት ጊዜ ዞሮ ቁጭ አለ።

ዓርብ መጡ። ቀለም አጠጣንለት፤ ወረቀት ዘረጋሁ።
ሰው ብዕር ሲሞክር ይሞነጫጭራል፣
ወይ ፊርማውን ይደጋግማል።
እሳቸው ግን፣ እጅ ልማዱን አይረሳ፣
"አመልካች፦" ብለው ጀመሩ።
ቆም አሉ።
አርባ ዓመት ያዘነ ሁሉ የተጻፈበት ቤት ነው።
"ይርሳው" ብለው ጻፉበት።
ፊደሉ ተርገፈገፈ፤ ብዕሩ ግን አልወደቀም።
ቀጥለው፣ "ተጠሪ፦"

እዚያ ላይ ዘገዩ።
በበሩ አሻግረው ድልድዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ።
"ክዳኑን ካልገጠሙት ይደርቃል" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።
"ገጥሚው እሺ" አሉ። "ይቺን ቤት ሄጄ እሞላታለሁ።"
ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።
ሦስት መቶ ብር ጎደላቸው፤ ለመስከረም አልኩ።

ሰሙ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው።
ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ላብ ላብ ይለዋል።
አንዳንዴ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣
ጣቴን በጣታቸው ፈለግ አስገባለሁ፤
አይሞላልኝም።