ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አንድ ጠባብ ካርጎ ቤት፣
ሰይፈዲን ካርቶኔን ከሚዛን ላይ አኑሮት፦
«ሠላሳ ሁለት ኪሎ። ሁለት ትርፍ አለሽ፤
ሻምፖውን አውጪና ቀሪው ይሂድልሽ።»

ሻምፖው ወጣ። ቀረ ታንጉ፣ ብርድ ልብሱ፣
የእናቴ ሻሽ፣ ኒዶው፣ የጦይባ ቀሚሱ፣
ከሁሉም በላይ ግን፣ በላስቲክ ታስሮ፣
የኑርዬ ጫማ፣ ካልሲ ውስጥ ተቀብሮ።
ሠላሳ አንድ ቁጥር። ሲረግጡት የሚበራ።

ልኩን ያወቅሁትማ፣ ጦይባ ናት እህቴ፤
አንድ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግታ፣
እግሩን አስቁማበት፣ በእርሳስ ዙሪያውን ቀድታ፣
ፎቶውን ላከችው። እኔም በስልኬ ላይ
አውራ ጣቱን ዳሰስኩ፣ ይሞቅ እንደው ላይ።

«ለአረፋ ይደርሳል?» «በሃያ ቀን ቢበዛ!»
ከዚያ ቤት እጄ ወጣች፣ ደረሰኟን ይዛ።

በካርቶኑ ጎን ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣
«ወሎ፣ መርሳ» ብያለሁ፤ ፊደል ስህተት የለም።
ኋላ ግን ሳስበው፣ የስሙ ነው ጥፋት፤
«መርሳ» የሚል ጽሑፍ አይተው ነው የረሱት።

የማዳሜ ቤት ግን ደወሉ አይተኛም፤
ያዘዘችው ሁሉ አንድ ሰዓት አይሞላም።
አንዲት ሎሚ መጣች፣ ብቻዋን፣ በሞተር፤
እሷ በረዶ ውስጥ፣ ያመጣት በሐሩር።
ማዳም ሰዓት አየች፦ «ሩብ ሰዓት ዘገየ!»
አንድ ኮከብ ሰጠችው፤ ልጁ ግን አላየ፣
ሊፍት ውስጥ ገብቷል። እኔ ሎሚዋን ይዤ
በሩ ላይ ቀረሁኝ፣ እንደ ጓዝ ፈዝዤ።

በሳምንት ሁለቴ ለሰይፈዲን ስደውል፣
«መርከብ ላይ ነው» ይላል፤ «ጅቡቲ ነው» ይላል፤
«ጉምሩክ ይዞታል» ወይም «ኮንቴነሩ አልሞላም»፤
ትናንት ጅቡቲ ያለው፣ ዛሬ ገና አልተጫነም።
ጂኦግራፊ እንኳን ከእሱ ነው የተማርኩ፤
ካርቶኔን ፍለጋ ስንት ባሕር ተሻገርኩ!
«ኢንሻአላህ» ይለኛል። ቃሉንስ አምናለሁ፤
ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ቀን መቁጠር እተዋለሁ።

ያ የወጣው ሻምፖ፣ ለእናቴ የገዛሁት፣
ካርቶኑ ሳይደርስ ታጥቤ ጨረስኩት።

አረፋ መጣ። ሄደ።
በጉ ታረደ፣ ቆዳው ተሸጠ፣
ኑርዬ በዚያው አፉን በከፈተ ጫማ
ከአያቱ ጋር ለሶላት ወጣ።
ማታ ድምፁን ላከልኝ፦
«እማ፣ መርከቡ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»
ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መልስ ሳልልክ ተኛሁ።

መውሊድም አለፈ። ማሽላው ሲያሸት
ካርቶኑ ገባ አሉኝ፣ መርሳ፣ በሌሊት፤
አንድ ጎኑ ተቀዶ፣ ታንጉ ድንጋይ ሆኖ፤
ጫማው ግን ደኅና ነው፣ በካልሲው ተሸፍኖ።

ጦይባ ስልኩን ከጆግ ጋር አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተች።
ጣቶቹ ገቡለት፤ ተረከዙ ግን ቀረ፣
ሳይጠሩት እንደመጣ እንግዳ ከደጅ አቀረቀረ።
ገፋ። ጦይባም ገፋች። ማንኪያ አመጡ ደግሞ።
«ልኬ ነው!» አለኝ ልጄ፣ ከነተረከዙ ቆሞ፤
ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እየሳቀ፣
ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ከሥሩ እየፈነጠቀ።
እኔም «እንዴት ያምራል!» አልኩ።
በሁለት አገር፣ በአንድ ጫማ ተዋሸን።

በማግስቱ ለጎረቤት ልጅ ተሰጠ አሉ።
ካርቶኑን እናቴ ለጫጩት አደረገችው።

ጁምዓ፣ የዕረፍት ቀኔ፣ ሮላ ተመለስኩ።
ሻጩ ትንሿን ጫማ መዳፉ ላይ አቁሞ
«ስንት ዓመቱ ነው?» ሲለኝ
ጣቴን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፤
የእግሩን ሳይሆን የመርከቡን ወራት ቆጠርኩ።

«ሲላክ ሰባት» አልኩት።
«ሲደርስ፣ እንጃ።»