አርባ አንድ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ኩታይሲ ከተማ፣
ካውቶቡስ ሆድ ሥር ተንጋልዬ ስሰማ
የሞተሩን ሳል፣ የጎማውን ሲቃ፣
ሕመሙን ለይቼ ሾፌሩ ሳይነቃ፤
የራሴን ግን ደም
ሐኪም እስኪነግረኝ አላወቅሁትም።

«መቅኔህ ልክ አያውቅም፣ ደም ያበዛል» አሉኝ፣
በየሁለት ወሩ ግማሽ ሊትር ቀዱኝ፣
«ሄማቶክሪት» የሚል ቁጥር አስተማሩኝ፤
እንዳይረጋም ብለው አስፕሪን ጨመሩ፣
አርባ አምስት ላይ ደግሞ ወሰኔን አጠሩ።
ካጥሩ ወዲያ ማዶ ስድስት ዓመት ከረምሁ፣
አርባ ስምንት ስባል አርባ ዘጠኝ ሆንሁ።

ጎረቤቴ ኦታር ቀይ ጉንጬን አይቶ
«አቤት ደም ግባትህ!» ይላል ጽዋ አንስቶ።
መግባቱንስ ገባ፤ የገባው መውጫ አጣ።

ማክሰኞ፣ በዝናብ፣ ወረቀቱ መጣ።

አርባ አንድ።

ሳይቀዳልኝ። ሦስት ወር መርፌ ሳይነካኝ።
አርባ አንድ! የጎረምሳ ቁጥር፣ የዋናተኛ ቁጥር።
ኤተሪ በመነጽር አነበበችው፣
መነጽሯን አውልቃ ደገመችው፣
ከዚያ ወረቀቱን ሳመችው።
ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ሪዮኒ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል፤
ዕድሜ ልኬን ያየሁት ወንዝ ያን ቀን ቀጥኖ ታየኝ።
ማታ ከኦታር ጋር ለመቅኔዬ ጠጣን።
«አደብ ገዛ» አልኩ፣ «ሽማግሌ ሆነ፣ እንደኔ!»
ደረጃውን ስወጣ ትንፋሽ ያጠረኝን
ለወይኑ ሰጠሁት።

ዶክተር ኬቴቫን አልሳቀችም።
ወረቀቱን ካለፈው ጎን፣ ያለፈውን ካቻምናው ጎን
ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።
«ማን ቀዳልህ?»
ማንም።
«እንግዲያ ወዴት ሄደ?»

ግድግዳው ላይ የመድኃኒት ፋብሪካ ቀን መቁጠሪያ፤
ገና ጥር ላይ ነው፣ የገለጠው የለም።

«ጉልበትህስ?» አለች።
ጉልበቴማ ደህና ነው፣ ቢጫዋን ክኒን ካገኘሁ ወዲህ፤
በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት።
«ከአስፕሪኑ ጋር?»
ከአስፕሪኑ ጋር።
«ሰገራህስ?»
የልጄ እኩያ ናት። ጫማዬን አየሁ።
«ጠቁሯል» አልኳት።
«እንዴት ያለ ጥቁር?»
«እንደ... እንደ ተቃጠለ ዘይት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ሰማው።

ዛዛ የሚሉት ልጅ ነበር፣ የአራት ቁጥር ሾፌር፣
አንድ ጠዋት የዘይት መለኪያዋን እያወዛወዘ መጣ።
«ጌታዬ፣ ሞልቶ ይፈስ የነበረው
ዛሬ በራሱ ጊዜ ልክ መጣ!»
«ማን ቀዳው?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።
ባትሪ ይዤ ተንበረከክሁ፤
ከሆዷ ሥር፣ አስፋልቱ ላይ፣
ጠብ። ጠብ።
ያን ልጅ በሠራተኛው ፊት ሰደብኩት።
«ልክ የመጣ ሁሉ ደህና ነው ያለህ ማነው?»

ዛዛ ሆይ፣ የት እንዳለህ አላውቅም፤
ያንን ስድብ ዛሬ ተቀብያለሁ።

«ከጨጓራህ ሊሆን ይችላል» አለች ዶክተሯ፣
«መቅኔህ ራሱ እየደከመም ሊሆን ይችላል።
አንድ ቁጥር ምስክር አይሆንም፤
ነገ ደግመን እንቀዳለን፣ ትንሽ ነው፣ አትፍራ፤
ሐሙስ በካሜራ እናያለን።
ቢጫዋን ክኒን ስጠኝ።»
ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፣
እንደተያዘ ተማሪ።

ሞተሩ ከየት እንደሚያፈስ ካልታወቀ
ማታ ካርቶን ይነጠፍለታል፣
ጠዋት ነጥቡን አይተህ ቦታውን ታውቃለህ።
እኔ አልጋዬ ላይ፣ ኤተሪ ነጭ አንሶላ ለውጣ፣
ጣሪያውን እያየሁ ሐሙስን ጠበቅሁ።

ረቡዕ ኦታር በር ላይ አገኘኝ፣
ጉንጬን አየ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አየ።
«ጉራም፣ ያ ሁሉ ደም ግባት ወዴት ሄደ?»

«እሱን ነው» አልኩት፣ «ነገ የሚፈልጉት።»