ተጠባባቂ ቁጥር አሥራ አንድ

ደብዳቤው ሲመጣ አባቴ አልጠበቀም፤
እስከ መጨረሻው መስመር አላነበበም።
«እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን አይቶ፣
የዕድሩን ሰው ሁሉ በየስሙ ጠርቶ፣
«ትርሲት ነርስ ሆነች» አለ ባንድ ትንፋሽ፤
በማግስቱ አንዷ፦ «ደም ግፊት ትለኪያለሽ?»

እኔ ግን ከታች ያለውን አየሁት፤
በደቃቅ ፊደል ነው፣ በጣቴ ዳበስሁት፦
«የትምህርት ክፍል፣ ገና ያልተወሰነ።»
አጥሩ ተከፈተልኝ፤ ቤቱ ግን
እንደተቆለፈ ነው፣ እንደሆነው ሆነ።

ገባሁ፤ ግን አልገባኝም።

አማካሪዋ ወረቀት ላይ መሰላል ሣለችልኝ፤
«አንድ ዓመት ኬሚስትሪ፣ አናቶሚ፣ ስታትስቲክስ፣
ከዚያ አመልክቺ፤ ለሰማንያ ወንበር
አራት መቶ ሰው ነው የሚሰለፈው» አለችኝ።
ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ ቁልቋል ነበር፤
እሱን እያየሁ ነው ያመሰገንኋት።

ኬሚስትሪ ወደቅሁ። ማለቴ፣ አልወደቅሁም፤
«ሲ» አገኘሁ፤ ነርሲንግ ደግሞ «ሲ»ን አያውቅም።
እንደገና ከፈልሁ፣ እንደገና ተማርሁ፣
ለአባቴ ግን «ሁሉ ሰላም» እያልሁ አደርሁ።

በፖርቴጅ መንገድ፣ የዊኒፔግ ጥር፣
አውቶቡሱ መስኮት ላይ ውርጭ ሲደረደር፣
ሁለት መቶ ስድስት አጥንት በላቲን እቆጥራለሁ፤
አንዱ ሲጠፋኝ በእናቴ ቋንቋ እጠራለሁ፦
ጎድን፣ ክርን፣ አከርካሪ፣ ቁርጭምጭሚት።
«ፓቴላ» ያሉትን ግን መቼም አልረሳም፤
እኛ ሎሚ እንለዋለን፣ የጉልበት ሎሚ፤
ላቲን እንዲህ ያለ ጣዕም አይቀምስም።

ሌሊት በአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሚስተር ፍሪዘን ጉልበታቸውን ያውሱኛል፤
ስድሳ ዓመት ስንዴ ያረሰ ጉልበት።
«ይኼስ ምን ይባላል?» ብለው ይፈትኑኛል።
መልሱን አያውቁትም፤ ግን ስነግራቸው
እንደ ዳኛ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሁለተኛው ደብዳቤ፦ «ተጠባባቂ፣ ቁጥር አሥራ አንድ።»
ሌሊት በሽተኛ ጠባቂ፣ ቀን ተጠባባቂ፤
ያው አንድ ግስ ነው የሚፈራረቅብኝ።
ማሪቤል፣ ማኒላ ላይ ነርስ የነበረችው፣
እዚህ ከኔ ጋር አንሶላ የምትቀይረው፣
«አሥራ አንድ ጥሩ ነው» አለች፤ «እኔ ቁጥርም የለኝ።»

ሐምሌ፣ ዘጠኝ። ነሐሴ መባቻ፣ አራት።
ከዚያ አራት። አራት። አራት።
«ስንት ደረሰ?» ይላሉ ሚስተር ፍሪዘን በየማታው፤
የትናንቱ ጠፍቶባቸው
በአራቱ እንደ አዲስ ደስ ይላቸዋል።

የኛም ቤት ተጠባባቂ አለው፤ ሃምሳ ስድስት ስም
ከነርሷ ወንበር ጀርባ ተለጥፏል።
ቁጥሩ የሚወርደው አልጋ ሲለቀቅ ነው፤
አልጋ እንዴት እንደሚለቀቅ ሁላችንም እናውቃለን፣
ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም።

አንድ ማክሰኞ ንጋት የሦስት መቶ አራት አልጋ ተለቀቀ።
ከማሪቤል ጋር ሆነን አጠብናቸው።
ጉልበታቸውን ከመሸፈኔ በፊት
እጄን ሎሚው ላይ አሳረፍሁ፤
ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ጠራሁ፤ አልፈተኑኝም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፦ «ቦታ ተገኝቷል፣ እስከ ዓርብ ያረጋግጡ።»
የማን ቦታ እንደነበር አይልም።
ክፍያው ከብዷት ይሆን? ሌላ ከተማ ሄዳ?
ወይ እሷም እንደኔ ኬሚስትሪ ላይ ወድቃ?
ወንበሩ ገና የሞቀ ይመስል
ጥቂት ቆሜ ነው «እሺ»ን የተጫንሁት።

ለአባቴ ደወልሁ፤ ታክሲው ውስጥ ነው፣ ሰው ጭኗል።
«ነርሲንግ ገባሁ!»
ዝም አለ። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።
«ምነው ልጄ፣ ካቻምና ገብተሽ አልነበር?»
«አዎ፣» አልሁት፣ «አሁን ነው የገባኝ።»

ማታ ፈረቃ አለኝ።
ሦስት መቶ አራት አዲስ ሰው ገብተዋል፤
ጉልበታቸውን ገና አላየሁትም።